ተዳፋት ላይ ያለ ቦታ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ደሴ ውስጥ በጦሳ ተራራ ግርጌ በኩል 200 ካሬ ቦታ ልንገዛ ነው። ወርዱ 10፣ ቁመቱ 20 ሜትር ሲሆን ከላይኛው አጥር እስከ ታችኛው 5 ሜትር ያህል ይወርዳል። ካርታ አለው፤ ጥጉ ላይ አሮጌ የጭቃ ቤት አለበት። ሜዳ ላይ ካየናቸው ቦታዎች በጣም ይረክሳል። ደላላው «ደሴ ውስጥ ሜዳ የት አለና!» ይለናል። ግንበኛ ወስደን ብናሳየው ግማሽ ሜትር ቆፍሮ «ድንጋይ ላይ ነው፣ አትስጉ» አለን። እኔና ባለቤቴ ግን ልባችን አልረጋም። ሐሳባችን 8 በ10 የሆነ ጂ ፕላስ ዜሮ (ፎቅ የሌለው) ቤት መሥራት ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ ደላላው አልዋሸም። ደሴ በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ተዳፋት ቦታን ሁሉ የሚሸሽ ሰው እዚህ ቤት አይሠራም። ሆኖም የተዳፋት ቦታ ዋጋ ሻጩ የጠራው ብር ብቻ አይደለም። ድጋፍ ግንቡ፣ ቁፋሮው፣ ቦዩ ሁሉ ተደምሮ ነው ከሜዳው ጋር የሚወዳደረው። ስለዚህ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ሁለት ነገር ይወቁ፦ መሬቱ የቆመ ነው ወይስ የሚንሸራተት? የቆመ ከሆነስ ለማስተካከል ስንት ይፈጃል?

ከግንበኛው ቃል እንጀምር፤ እኛን ያሳሰበን እሱ ነው። በደሴ ተዳፋቶች ላይ ያለው አፈር በብዙ ቦታ ከላይ ተንዶ የመጣ ነው። ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች በሸክላማ አፈር ውስጥ ተዘፍቀው ይገኛሉ። ግማሽ ሜትር ላይ የተገኘው ድንጋይ አለት ሳይሆን ተንከባሎ የመጣ ቋጥኝ ሊሆን ይችላል፤ ከሥሩ 2 ሜትር ለስላሳ ጭቃ ቢኖር አያስደንቅም። የቤቱ አንድ ጥግ ቋጥኝ ላይ፣ ሌላው ጭቃ ላይ ካረፈ ጭቃው ላይ ያለው ይሰምጣል፤ ግድግዳው ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል።

ለማረጋገጥ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከታች። ወርዱ 1 በ1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ እስከ 3 ሜትር ይሁን። ድንጋይ ሲገኝ ዙሪያውን ያስፈልጡ፤ ጠርዙ ከተገኘና ከሥሩ አፈር ካለ ቋጥኝ ነው። ልብ ይበሉ፣ ከ1.5 ሜትር በታች ጎኑ በእንጨት ሳይደገፍ ሰው አይግባ፤ እርጥብ አፈር ሳያስጠነቅቅ ይደረመሳል። ከጉድጓዱ የወጣውን ሸክላ ጓል በእጅዎ ይሰንጥቁት። የተሰነጠቀው ገጽ እንደ ታሸ ሳሙና ልሙጥና የሚያብረቀርቅ ሆኖ፣ በአንድ አቅጣጫ የተጫጫረ መስመር ካለበት፣ አፈሩ አንድ ጊዜ በዚያ ገጽ ላይ ተንሸራቷል ማለት ነው። ይህን ካዩ ቦታውን ይተዉት፤ ርካሽ መሆኑ አያታልልዎ። ጉድጓዱን ከፍተው ያሳድሩት፤ ጠዋት ከሥሩ ውሃ አቁሮ ከተገኘም የምድር ውስጥ ውሃው ቅርብ ነው።

ቀጥሎ ከአጥሩ ውጭ ይዙሩ። ወደ ላይ 50 ሜትር ያህል ወጥተው መሬቱ ላይ እንደ ማጭድ የታጠፈ ስንጥቅ ካለ ይፈልጉ። የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሩ ወደ ቁልቁለቱ ጎብጦ ከላይ ቀጥ ካለ፣ መሬቱ በዝግታ እየተሳበ ነው። ያዘመመ የመብራት ምሰሶ፣ የተጣመመ አጥር፣ በጥር ደረቅ ወቅት ለምለም ሣርና ቄጠማ የበቀለበት ጉድባ፣ ከታች በኩል ያበጠ መሬት፤ እነዚህ አንድ ላይ ከተገናኙ ምንም መሐንዲስ አያስፈልግም፣ ይመለሱ። የጎረቤቶችን ቤት ስንጥቅ ይዩ፤ ሰዎቹንም በየክረምቱ ይሰፋ እንደሆነ ይጠይቁ። ከቻሉ ውሳኔውን እስከ ሐምሌ አቆይተው ከባድ ዝናብ በወረደ ማግሥት ቦታው ላይ ይቁሙ። ከላይ የሚመጣው ጎርፍ የት እንደሚያልፍ ሻጩ አይነግርዎትም፤ ጭቃው ላይ የተወው መስመር ይነግርዎታል።

መሬቱ ይህን ፈተና ካለፈ ወደ ልኬት እንሂድ። «5 ሜትር ያህል» ማለት አይበቃም። ውሃ የተሞላ ላስቲክ ቱቦ ይዘው ለሁለት ይለኩ (ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ላይ ይቆማል)፤ በአንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ሳይሆን በየ5 ሜትሩ፣ ልዩነቱን እየደመሩ። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ልኩ ይሳሳታል። በ20 ሜትር 5 ሜትር ከወረደ ተዳፋቱ 25 በመቶ ነው። እንደ እኛ ግምት እስከ 10 በመቶ ያለው እንደ ሜዳ ይቆጠራል፤ እስከ 20 በመቶ ጥሩ ግንበኛና ጥንቃቄ ይበቃዋል፤ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሆነው ያለ መሐንዲስ አይነካም፤ ከ30 በላይ እውነተኛ አለት ካልሆነ በቀር ለአነስተኛ ቤት አያዋጣም። የእርስዎ ቦታ ሦስተኛው ውስጥ ነው።

አሁን ሒሳቡን ይዩ። ቤትዎ በቁልቁለቱ አቅጣጫ 10 ሜትር ስለሚሄድ ከኋላው እስከ ፊቱ 2.5 ሜትር ልዩነት አለ። ሁሉንም ቆርጠው ሜዳ ካደረጉት 100 ሜትር ኩብ ይወጣል። አፈር ሲቆፈር ስለሚያብጥ 125 ይሆናል፤ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 8 ምልልስ ነው። ከኋላ 2.5 ሜትር ቁመት ያለው የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ያስፈልጋል። አናቱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ግርጌው 1.30 ሜትር፣ መሠረቱ 70 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው በ10 ሜትር ርዝመት 32 ሜትር ኩብ ያህል ግንብ ነው። ለዚህ 40 ሜትር ኩብ ድንጋይ፣ ከ12 ሜትር ኩብ በላይ አሸዋ፣ በ1 ለ4 ቡኬት (1 እጅ ሲሚንቶ ለ4 እጅ አሸዋ) ደግሞ 43 ኩንታል ያህል ሲሚንቶ ይፈልጋል። በዛሬው የደሴ ዋጋ አባዝተው በቦታው ዋጋ ላይ ይደምሩት። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ሲኖትራክ የማይገባ ከሆነ የአህያና የሸክም ሒሳብ ይጨመራል፤ ይህ ራሱ ብዙ ሰው ግማሽ መንገድ ላይ አስቁሞታል።

የተሻለው መንገድ ቤቱን በሁለት እርከን መክፈል ነው። የኋላው 5 ሜትር ከፊተኛው በ1.25 ሜትር ከፍ ይላል፤ ቤት ውስጥ 7 ደረጃ ይኖራል። ቁፋሮው ወደ 50 ሜትር ኩብ ይወርዳል፣ ሁለቱ አጫጭር ግንቦች ተደምረው 23 ሜትር ኩብ ይሆናሉ። ከቁጠባው በላይ ጥቅሙ የአፈሩ ግፊት ላይ ነው፤ የግንቡ ቁመት በግማሽ ሲቀንስ ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። አፈሩን በግማሽ ቆርጦ በግማሽ መሙላት ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የቤቱ መሠረት በሙሌት ላይ ማረፍ የለበትም፤ ሙሌቱን አልፎ ነባሩ መሬት ውስጥ መግባት አለበት። ለወለል ብቻ የሚሞላውም በየ20 ሳንቲ ሜትሩ እየተጠቀጠቀ ነው።

ግንብ የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ አፈር ሳይሆን ውሃ ነው። 2.5 ሜትር ቁመት ያለውን ግንብ ደረቅ አሸዋማ አፈር በየአንዳንዱ ሜትር ርዝመት ከ2 ቶን ባነሰ ኃይል ይገፋዋል፤ ከኋላው ውሃ እስከ አናቱ ሲሞላ ግፊቱ ወደ 4 ቶን ይጠጋል። ስለዚህ ከግንቡ ጀርባ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጹሕ ጠጠር ይሙላ፤ ጭቃ እንዳይደፍነው በጂኦቴክስታይል (ውሃ አሳልፎ አፈር በሚያስቀር ጨርቅ) ይለይ። ባለ 3 ኢንች የፒቪሲ ቱቦ በየ1.5 ሜትሩ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ከመሬት 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ወደ ውጭ ዘመም ብሎ ይቀበር። ከግንቡ በላይ ደግሞ ጎርፉን ወደ ጎን የሚቀለብስ በሲሚንቶ የተለሰነ ቦይ ይሠራ፤ ያልተለሰነ ቦይ ውሃውን መልሶ ወደ መሬቱ ያሰርገዋል። 80 ካሬ ጣሪያ ላይ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲዘንብ 3,200 ሊትር ነው፤ አሸንዳው ይህን ሁሉ ከግንቡ ጀርባ እንዲደፋ መተው ግንቡን በገዛ እጅ መግፋት ነው።

ቁፋሮው ከጥቅምት ይጀመር፣ ግንቡ የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ይለቅ። 10 ሜትሩን በአንድ ጊዜ አይቁረጡ፤ 3 ሜትር ቆርጠው፣ ገንብተው፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይለፉ። ከላይ የጎረቤት ቤት ካለ ይህ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

የሽንት ቤት ጉድጓድም ቦታውን ይወስናል። ከግንቡ በላይ የሚያሰርግ ጉድጓድ ዓመቱን ሙሉ አፈሩን ያርሳል፤ ስለዚህ ወደ ታች፣ ከቤቱ መሠረት ርቆ ይሁን። መኪና ቆሞ የሚመጠው ከላይኛው መንገድ ብቻ ከሆነ ግን ችግር አለ። በደሴ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛው ያህል በመሆኑ ፓምፕ በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከ7.6 ሜትር በላይ ውሃ ስቦ አያነሣም፤ በተግባር ከ4 ወይም 5 ሜትር ካለፈ አይመጥም።

መሐንዲሱን ስለ መሬት መንቀጥቀጥም ይጠይቁት። አካባቢያችን የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬንና ማጀቴን የመታው መንቀጥቀጥ ሩቅ ቦታ የደረሰ ነገር አይደለም። በተዳፋት ላይ የላይኛው ረድፍ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) አጭር፣ የታችኛው ረጅም ይሆናል። አጭሩ ስለማይተጣጠፍ ኃይሉን ብቻውን ተሸክሞ ቀድሞ ይሰበራል። እርከን መሥራትና ኮለኖቹን በግሬድ ቢም (ከሥር በሚያያይዛቸው የኮንክሪት አግዳሚ) ማሰር ይህንንም ያቃልላል።

የኛ ፍርድ፦ ጉድጓዱ ነባር መሬት ካሳየ፣ ከላይ ስንጥቅ ከሌለ፣ የቦታውና የግንቡ ዋጋ ተደምሮ ከሜዳው ካነሰ ይግዙ። ሻጩ ጉድጓድ ማስቆፈር ከከለከለዎ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ልገዛው ያሰብኩት ቦታ ሜዳ ነው፤ ግን ከላዩ ያለው ጎረቤት 3 ሜትር የሚሆን የድንጋይ ግንብ ሠርቷል፤ ግንቡ መሐሉ ላይ ሆዱን ነፍቷል። ሻጩ ልስን አድርጎበታል። ያሰጋል ወይ?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ያሰጋል፤ ልስኑ ደግሞ የባሰ ነው፤ ስንጥቁን ሸፍኖ የውሃ መውጫውን ደፍኖ ይሆናል። ቱንቢ ከአናቱ አውርደው ያበጠው ምን ያህል እንደ ወጣ ይለኩ። ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጥፈው ቀን ይጻፉበት፤ ጄሶው ከተሰነጠቀ ግንቡ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው። የሚንቀሳቀስ ግንብ በልስንም፣ ከፊት ለፊት ድንጋይ በመደገፍም አይድንም፤ ከጀርባው ያለው አፈር ተነሥቶ፣ ጠጠርና ቱቦ ገብቶ እንደገና መገንባት አለበት። ይህ ሥራ የጎረቤቱ ነውና ከመግዛትዎ በፊት ከእሱ ጋር በጽሑፍ ይስማሙ። አልስማማም ካለና ቦታውን ከወደዱት፣ ቤትዎን ከግንቡ ቢያንስ የግንቡን ቁመት ያህል ያርቁ፤ የቦታዎ አንድ ክፍል ያለ አገልግሎት እንደሚቀር አስበው ዋጋውን ያስቀንሱ። አፈሩ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ያንኑ የሙከራ ጉድጓድ ያስቆፍሩ፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ መሠረቱንም ያነሣል።

ጥያቄ፦ ከከተማው ዳር ተዳፋት የእርሻ ቦታ በውል ልገዛ ነው። ካርታው በኋላ ይወጣል ተብያለሁ።
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ አይግዙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም አይለወጥም፤ በከተማ የሚተላለፈው በሕጋዊ ይዞታ ላይ ያለው ቤትና የመጠቀም መብት ነው። በመንደር ውል የተገዛ የእርሻ መሬት የግንባታ ፈቃድ አያስገኝም። ካርታ ያለው ቦታ ቢሆንም ቁጥሩን ይዘው የከተማው መሬት አስተዳደር ቢሮ ይሂዱ፤ እገዳ እንደሌለበትና በመዋቅራዊ ፕላኑ ለመኖሪያ እንጂ ለአረንጓዴ ወይም ለወንዝ ዳር ጥበቃ እንዳልተከለለ ያረጋግጡ። ገደላማ ቦታዎች ብዙ ጊዜ ለአረንጓዴ ነው የሚከለሉት።