ያለ ሲንተሳይዘር ለስቱዲዮ ሥራ መዘጋጀት ይቻላል?

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ትምህርቴን ጨርሻለሁ፤ እስካሁን የሠራሁት ግን በኮምፒውተር ውስጥ ባሉ ፕለጊኖች (ተጨማሪ የድምፅ ሶፍትዌሮች) ብቻ ነው። ያየሁት የረዳት ኢንጂነር ማስታወቂያ ውጫዊ ሲንተሳይዘሮችን (ድምፅ በኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥሩ መሣሪያዎች፣ ባጭሩ ሲንት) ከኤፌክት መሣሪያዎች ጋር አገናኝቶ በየትራኩ መቅዳት የሚችል ሰው ይፈልጋል። ያለኝ አንድ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባና የሚያስወጣ ሣጥን) ብቻ ነው። ልወዳደር ወይስ ልተወው?»

ተወዳደሪ። የሲንት ሞዴሎችን ስም መሸምደድ አይጠበቅብሽም። በተግባር ፈተና የሚታየው ድምፁ ከየት ተነስቶ፣ በምን አልፎ፣ የት እንደሚገባ ማወቅሽ፣ መሀል ላይ ሲጠፋም ቶሎ ማግኘትሽ ነው። የዚህን አብዛኛውን በኢንተርፌስሽና በአንድ ኬብል መለማመድ ትችያለሽ።

ከመስመር ቆጠራ ጀምሪ። ሁለት ስቴሪዮ (እያንዳንዱ ሁለት መስመር) ሲንት፣ ሁለት ሞኖ (እያንዳንዱ አንድ መስመር) ሲንትና አራት የተለያዩ መውጫዎች ያሉት ድራም ማሽን ቢሰጥሽ 4 ሲደመር 2 ሲደመር 4፣ አሥር መግቢያ ያስፈልጋል። ኢንተርፌሱ ስምንት ብቻ ካለው አንዱ መፍትሔ በአዳት ኦፕቲካል መስመር (ብዙ ቻናል በብርሃን የሚያሳልፍ ኬብል) ሌላ መቀበያ መጨመር ነው፤ በ48 ኪሎ ኸርዝ (በሰከንድ 48,000 ሳምፕል፣ ማለትም የድምፅ ናሙና) 8 ቻናል፣ በ96 ግን 4 ብቻ ይሰጣል። ያኔ አንዱ መሣሪያ የክሎክ (የናሙናው ጊዜ መቁጠሪያ) መሪ፣ ሌላው ተከታይ መሆን አለበት። ይህ ከተረሳ አልፎ አልፎ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ሰው ኬብል የተበላሸ ይመስለውና ኬብል ሲቀያይር ይውላል። ሁለተኛው መፍትሔ ርካሽ ነው፦ ኖታው በሚዲ (ድምፁን ሳይሆን የትኛው ኖታ መቼ እንደተመታ በሚያስተላልፍ ቋንቋ) ስለተቀመጠ ያንኑ ዘፈን ሁለት ጊዜ አጫውተሽ ሲንቶቹን በሁለት ዙር መቅዳት።

በሚዲ በኩል ለእያንዳንዱ ሲንት የራሱን ቻናል ስጪ፤ አንድ ፖርት 16 ይይዛል። የምትጫወቺበትን ሲንት «ሎካል ኮንትሮል» (ቁልፎቹን ከራሱ ድምፅ ጋር የሚያገናኘውን ማብሪያ) አጥፊው። ካልጠፋ ቁልፉ በቀጥታ ድምፅ ያወጣል፣ ኮምፒውተሩም ያንኑ ኖታ መልሶ ይልክለታል፤ ድምፁ ይደረባል። በባለ አምስት እግር የሚዲ ኬብል አንድ ኖታ ለመተላለፍ 1 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ብዙ ኖታ በአንድ መስመር ሲጨናነቅ ምቱ ይላላል፤ ድራም ማሽኑን ለብቻው ፖርት ላይ ማድረግ ይሻላል።

የሲንትን መውጫ በማይክ ሳይሆን በላይን (ከማይክ ለሚበረታ የመሣሪያ ድምፅ በተሠራው) መግቢያ አስገቢው፤ ሲንት በተሰካበት የማይክ መስመር ላይ የ48 ቮልት ፋንተም ፓወር (ለማይክ የሚላክ ኤሌክትሪክ) እንዳይበራ ተጠንቀቂ። በ24 ቢት ስትቀጂ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ድምፁ ከሚበላሽበት ጣሪያ) 12 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ቢል ይበቃል።

አሁን ፈታኞች የሚወዱት ክፍል። የተቀዳ ሲንትን በውጫዊ ኮምፕረሰር (ከፍና ዝቅ ያለውን ድምፅ በሚያቀራርብ መሣሪያ) ለማሳለፍ ከኢንተርፌሱ መውጫ 3 ወደ ኮምፕረሰሩ መግቢያ፣ ከኮምፕረሰሩ መውጫ ወደ ኢንተርፌሱ መግቢያ 7 ትዘረጊያለሽ። መግቢያ 7ን የሚቀዳው አዲሱ ትራክ መውጫው 1 እና 2 ብቻ ይሁን። ይህ ትራክ በስህተት ወደ 3 ከተላከ ድምፁ ይዞራል፣ ይጮኻል፤ ስፒከርና ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ስፒከሩን ዝቅ አድርጊ። የጊታር ፔዳል ከሆነ የላይን ድምፅ ይበዛበታል፤ መሀሉ ላይ ሪአምፕ ቦክስ (የላይንን ድምፅ ወደ ጊታር መጠን የሚያወርድ ሣጥን) ይገባል። ድምፁ በእውነተኛው መሣሪያ ውስጥ የሚያልፈው በዘፈኑ ርዝመት ልክ ስለሆነ በፍጥነት ኤክስፖርት ማድረግ አይሠራም፤ አስቀድመሽ ቅጂው።

ከዚያ መዘግየቱን ለኪ። በ48 ኪሎ ኸርዝ የ128 ሳምፕል ባፈር (ኮምፒውተሩ ድምፅ የሚያጠራቅምበት ቋት) ብቻውን 2.7 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ድምፁ ወጥቶ ሲመለስ ከዚያ ይበልጣል። ሶፍትዌሩ ይህን ለማካካስ ይሞክራል፣ ግን ሁልጊዜ ልክ አይመጣም። መውጫ 3ን በአንዱ ኬብልሽ ከላይን መግቢያ ጋር አገናኚ፤ አጭር የምት ድምፅ ልከሽ መልሰሽ ቅጂው፤ ሁለቱን ሞገዶች አጉልተሽ ልዩነቱን በሳምፕል ቁጠሪ። 60 ሳምፕል ከዘገየ 1.25 ሚሊሰከንድ ነው። ቁጥሩን በቅጂ ማካካሻው ቦታ አስገብተሽ ልዩነቱ ዜሮ እስኪሆን ድገሚው። አንድ ጥንቃቄ፦ ሲንቱ ራሱ ለሚዲ መልስ ለመስጠት የሚፈጅበት ጊዜ በዚህ ልኬት ውስጥ የለም፤ እሱ ለየመሣሪያው ለብቻው ይለካል።

«እምም» የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ከመጣ የሲንቱን ዩኤስቢ ንቀይ። ከጠፋ ምክንያቱ በዩኤስቢ በኩል የተፈጠረ የግራውንድ ዙር (መሣሪያዎቹ በሁለት መንገድ ከግራውንድ ሲገናኙ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ዙር) ነው፤ በባለ አምስት እግር ሚዲ መተካት ወይም ትራንስፎርመር ያለው ዲአይ ቦክስ (ግራውንዱን የሚለያይ ማገናኛ ሣጥን) መሀል ማስገባት ይፈታዋል። የኤሌክትሪክ ሶኬቱን የግራውንድ እግር ቆርጠሽ ድምፁን ዝም ለማሰኘት በፍጹም አትሞክሪ፤ እሱ ያለው ሰው እንዳይሞት ነው። ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ ብታገኚም ተናገሪ።

በሲቪሽ ላይ «የአናሎግ ሲንት ባለሙያ» ብለሽ አትጻፊ፤ በሁለተኛው ጥያቄ ይታወቃል። ይልቁንም «የመስመር ዕቅድ አወጣለሁ፣ መዘግየት ለክቼ አስተካክላለሁ» በይ፤ የአሥሩን መግቢያ ሠንጠረዥና ከማስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን የሞገድ ምስል አያይዢ። የራስሽ ሲንት እንደሌለሽ በግልጽ ጻፊ፣ ልኬቱን በምን እንደሠራሽውም ጨምሪ።

ለፈተና ከተጠራሽ የመሣሪያዎቻቸውን ዝርዝር አስቀድመሽ ጠይቂ። መመሪያቸውን አውርደሽ የኋላ ገጻቸውን በወረቀት ሳዪ። ድምፅ ጠፋ ብለው ቢፈትኑሽ በሲንቱ ሄድፎን መውጫ ጀምሪ፤ እዚያ ከተሰማ የኢንተርፌሱን መለኪያ እዪ፤ እሱም ከተንቀሳቀሰ ችግሩ ሶፍትዌሩ ውስጥ ወይም ከዚያ በኋላ ስፒከር ድረስ ባለው መስመር ላይ ነው። ስፒከሩን መጨረሻ ላይ አብሪ፣ ስትዘጊ ደግሞ መጀመሪያ አጥፊ።