የጦር ታሪክ ማንበብ ለምትጀምሩ ወጣቶች

የጦር ታሪክ ማንበብ የሚጀምር ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ከታንክና ከአውሮፕላን ዓይነት ይነሳል፤ አለዚያም ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ከዳር እስከ ዳር እጨርሳለሁ ብሎ ገና ሳይጋመስ ይሰለቸዋል። እኔ የምመክራችሁ አንድ ውጊያ ይዛችሁ እንድትቆዩ ነው፤ የአንድ ቀን ውጊያ ቢሆን ይመረጣል። ለእኛ አድዋ ይመቻል፤ ሁለቱም ወገን ጽፎበታል፣ ተራሮቹም ዛሬም ሄዶ ለሚያይ ቆመዋል።

መጀመሪያ አንድ አጭር ትረካ ያለ እስክሪብቶ አንብቡ። ስሞቹን ጆሯችሁ ይልመዳቸው፣ ይበቃል። በሁለተኛው ንባብ ካርታ ዘርጉ። 1 ለ50,000 ካርታ ካገኛችሁ 1 ሴንቲ ሜትሩ መሬት ላይ 500 ሜትር ነው። ካጣችሁ ከመጽሐፉ በእጃችሁ ገልብጡ። አራት ባለቀለም እርሳስ ለአራቱ የኢጣሊያ ብርጌዶች ያዙ፦ አልበርቶኔ ግራ፣ አሪሞንዲ መሐል፣ ዳቦርሚዳ ቀኝ፣ ኤሌና ደጀን፤ ስሞቹ የአዛዦቻቸው ናቸው።

አሁን ሌሊቱን ተከተሉ። ጦሩ የተነሳው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። መስመሮቹን ስትስሉ ገና ከመንገዱ የአልበርቶኔ መስመር የአሪሞንዲን ያቋርጣል፤ አሪሞንዲ እስኪያልፉለት ድረስ በጨለማ ቆሞ ጠብቋል። ቀጥሎ ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ፈልጉ። ለአዛዦቹ በታደለው ንድፍ ላይ በዚህ ስም የተጻፈውና የአገሬው ሰው በዚሁ ስም የሚጠራው ቦታ አንድ አልነበረም። አልበርቶኔ ንድፉ ላይ ያለው ቦታ ደርሶ ነበር፤ መንገድ መሪዎቹ ቦታው ገና ከፊት ነው ቢሉት ቀጠለ፤ ሲነጋም ከጓደኞቹ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር ጋር ተፋጠጠ። ሊደግፈው የታዘዘው ዳቦርሚዳ ደግሞ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ወረደ። በመካከል የተከፈተውን ክፍተት የኢትዮጵያ ጦር ገባበት። ጀግንነትን ብቻ እየደረደረ የሚሄድ መጽሐፍ ይህን አያሳያችሁም፤ እርሳሱ ግን ያሳያችኋል።

በሦስተኛው ንባብ ደብተር አውጡና አራት ዓምድ አስምሩ፦ ሰዓት፣ ማን፣ የት፣ ይህን ያለው ማን ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመጀመሪያው ዓምድ ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ ጠዋት 6 ሰዓት ሲል የእኛ ንጋት 12 ሰዓት ነው። ቀኑም ያምታታል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፣ ዛሬ የድል በዓሉን የምናከብረው ግን ማርች 2 ነው። መጽሐፉም በዓሉም አልተሳሳቱም። የፈረንጆቹ 1900 ጳጉሜን 6 እንደሚሆንበት ዓመት ተጨማሪ ቀን ማግኘት ሲገባው በእነሱ ደንብ ስላላገኘ፣ ከዚያ ወዲህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፍቷል። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ቀን በዛሬው ልዩነት ከመለሳችሁ ሁልጊዜ በአንድ ቀን ትስታላችሁ።

አራተኛውን ዓምድ ባዶ አትተዉት። የኢጣሊያን ጦር የመራው ጄኔራል ባራቲየሪ ከሽንፈቱ በኋላ አስመራ ላይ ለፍርድ ቀርቦ ነፃ የተባለ ሰው ነው፤ ትዝታውን የጻፈውም ከዚያ በኋላ ስለሆነ እንደ መከላከያ ቃል አንብቡት። ጸሐፌ ትዕዛዝ ገብረ ሥላሴ በበኩሉ የንጉሠ ነገሥቱ ዜና መዋዕል ጸሐፊ ነው። ሁለቱ በአንድ ነገር ከተስማሙ አስምሩበት። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ የኢጣሊያ ጦር ከ17,000 በላይ ሰውና 56 መድፍ እንደነበረው የሚነገረው ከራሱ መዝገብ ነው፣ የኢትዮጵያ 100,000 ግን ግምት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማካፈል ከንቱ ነው።

ስንቅንም አትዝለሉ። ለባራቲየሪ የቀረው ምግብ የጥቂት ቀን ብቻ ነበር፤ የምኒልክም ጦር ሰፍሮ የቆየበትን አገር እህል እየጨረሰ ነበር። ከሮም የመጣው ግፊት ተጨምሮበት ኢጣሊያኖቹ ያን ሌሊት ለምን እንደተነሱ የሚገባችሁ ይህን ስታውቁ ነው። መጽሐፉ ስለ አጋሰስና ስለ ውኃ አንድም ገጽ ከሌለው ሌላ ፈልጉ።

አድዋ ሲያልቅ ወደ ማይጨው ሂዱ፣ መጋቢት 22 ቀን 1928። ደብተሩ ያው ነው፣ ሁለት ዓምድ ብቻ ጨምሩበት፦ አንዱ ለአውሮፕላን፣ ሌላው ለሬዲዮ። ኢጣሊያኖቹ የኢትዮጵያን የሬዲዮ መልእክት ይጠልፉ ስለነበር፣ ትእዛዙ መቼ እንደተላለፈና ጥቃቱ መቼ እንደተጀመረ ለየብቻ መዝግቡ።