ለግል አሰልጣኝ መክፈል ያዋጣል ወይ? (መልስ)

ለአንድ ወር ክፈል፣ ከዚያ በኋላ አቁም። የጠየቅኸኝ፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ያለው ጂም የወር ክፍያውን እጥፍ ለአሰልጣኝ መጠየቁ ውድ ነው፤ ግን ገና ጀማሪ ነህ፣ ወገቤንም ያመኛል ብለሃል። ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሳት) ስትሠራ ጀርባህ መጉበጡን አንተ አታየውም፣ ከጎንህ የቆመ ሰው ግን ወዲያው ያያል። የምትከፍለው ለዚህ ዓይን ነው። ሕመሙ ወደ እግር የሚወርድ ከሆነ ግን መጀመሪያ ሐኪም ይይህ።

ዓላማህ ክብደት መቀነስ ብቻ ከሆነ ይቅርብህ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና 2 ቀን የጡንቻ ሥራ ነው። የጎሃን ዳገት ፈጠን ብሎ መውጣት ደግሞ ማንም አያስከፍልህም (ጉልበት ካለህ ማለቴ ነው)።

ከመስማማትህ በፊት፦
1. አሰልጣኙ ሌላ ሰው ሲያሠራ ቁጭ ብለህ እይ። ስልኩን የሚነካካ ከሆነ ተወው።
2. ስለ ወገብህ ሳይጠይቅ ብረት የሚያሸክምህንም እንዲሁ።

ደግሞ «ቅናሽ አለው» ቢልህም የብዙ ወር አስቀድመህ እንዳትከፍል። እዚህ በየዓመቱ የማየው ነው፦ ዐቢይ ጾም ሲገባ ግማሹ ሰው አቅም አጥቶ ይቀራል፣ 55 ቀኑ ሲያልቅ የከፈለውም አብሮ አልቋል። በየወሩ ተዋዋል።