በቫኒላ ሥር ላይ ስለሚታየው ነጭ ክር

ለገጣፎ ያለሽው እህታችን፣ ትናንት የጠየቅሽውን አየሁት። በላስቲክ ቤትሽ ያለችው ቫኒላ ሥሯ አጠገብ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ክር ወጣ፤ ፀረ ፈንገስ ላፍስባት ወይ፣ የሚሸጠውን የማይኮራይዛ (ከተክል ሥር ጋር ተባብሮ የሚኖር ፈንገስ) ዱቄትስ ልግዛ ወይ ነው ያልሽው። እኔ ሰበታ አካባቢ ቫኒላ ስይዝ ስድስት ዓመቴ ነው። እባክሽ መድኃኒቱን ዛሬ አታፍስሺ። መጀመሪያ ሥሩን እዪው።

እኔንም በሦስተኛው ዓመት ይኸው ነጭ ክር አስደንግጦኝ ነበር። የእርሻ መድኃኒት የሚሸጥ ሰው «ሻጋታ ነው፣ በጥብጠው ያጠጡት» አለኝ። አሥራ አንድ ተክል ላይ አፈሰስኩ። ክሩ ጠፋ። ግን ሁለት ወር ሙሉ አንድም አዲስ የሥር ጫፍ አላየሁም። ሥሩን ያለበስኩት ቅጠል እንኳ ሳይበሰብስ እንዳለ ተቀመጠ። ቅጠሉን እያበሰበሰ ምግብ የሚያደርግልኝን ፈንገስ ነበር የገደልኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ከውጭ የምታዪው ነጭ ክር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው አበስባሹ ነው። የቫኒላ የቅርብ ሸሪክ የሆነው ሌላው ፈንገስ ግን በዓይን አይታይም። ሥሩ ውስጥ ይገባና በየህዋሱ እንደ ድውር ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ከብስባሹ የለቀመውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ነው የሚገባው። ተክሏ ጥቅሉን ቀስ እያለች ትፈጨዋለች፤ በቦታው ሌላ ይጠቀለላል።

ለዘሩማ ነገሩ የሞት ሽረት ነው። ባቄላ ስንቁን በሆዱ ይዞ ይወለዳል። ቫኒላ የምትመደብበት የኦርኪድ ወገን ዘር ግን እንደ ብናኝ ደቃቅ ነው፣ ስንቅ የለውም። በዱር፣ ፈንገስ ካላጎረሰው አይበቅልም። ይህን በ1899 እ.ኤ.አ. የደረሰበት ፈረንሳዊው ኖኤል ቤርናር ነው። በ1922 ደግሞ አሜሪካዊው ሉዊስ ክኑድሰን ስኳር ከተሰጠው ያለ ፈንገስም እንደሚበቅል አሳየ። እኛ የምናባዛው በግንድ ቁራጭ ስለሆነ የዘሩ ጣጣ አይነካንም። ግን ቁራጩ ሥር ሳይኖረው ነው የሚመጣው፤ ሸሪኩን የሚያገኘው ከምናለብሰው ቅጠል ነው። ያደገች ቫኒላ በማዳበሪያ ብቻም ትኖራለች፣ አልክድም። እኔ ጋ ግን ብርቱዎቹ ሥራቸው ብስባሽ ውስጥ የተዘረጋው ናቸው።

በቫኒላ ሥር ውስጥ ከተገኙት ፈንገሶች መካከል ሴራቶባሲዲየም፣ ቱላስኔላና ታናቴፎረስ ይገኙበታል። ታናቴፎረስን ድንች የሚያመርት ሰው በሌላ መልኩ ያውቀዋል፤ ድንቹ ላይ ጥቁር ቅርፊት የሚያወጣው በሽታ የዚሁ ወገን ነው። እዚያ በሽታ፣ እዚህ ሸሪክ። ፀረ ፈንገሱ ደግሞ ይህን አይለይም፤ ያገኘውን ይመታል።

አሁን ወደ ሥሩ። ከላይ ካለው ቅጠል አንዱን በሁለት ጣትሽ ቀስ አድርገሽ አንሺ። ሥሩ ጤነኛ ከሆነ ከቅጠሉ ጋር ተጣብቆ ይነሳል፤ ስስ ጸጉሩ ቅጠሉን ነክሶ ይዞታል። ሥሩ ነጣ ያለ ነው፣ ሲነካ ይጠነክራል። እንዲህ ከሆነ መልሰሽ ሸፍኚው፣ ነጩን ክርም ተዪው። ሥሩ ቡናማ ከሆነና ስትጎትቺው ቆዳው እንደ ካልሲ ወልቆ መሃሉ ላይ ቀጭን ክር ብቻ ከቀረ ግን ችግር አለ። ብዙውን ጊዜ ሥር የሚያበሰብሰው ፈንገስ፣ ፉሳሪየም ነው። ግንዱ ይጨማደዳል፤ ተክሏ ከላይ አዲስ ሥር ትልካለች፣ መሬት ሲደርስ እሱም ይሞትባታል። ያኔ መድኃኒት ላይ ገንዘብ አታጥፊ። ምላጭሽን በአልኮል ጥረጊና ጤነኛውን ግንድ ከላይ ቁረጪ። ከ8 እስከ 12 አንጓ ያለው ቁራጭ ይበቃል። ጥላ ውስጥ ሳምንት ያህል ይጠውልግ፤ ከዚያ ሌላ አፈር ላይ ትከዪው።

እኔ የማለብሰው የብሳና ቅጠልና የቡና ገለፈት ነው፣ ቢያንስ አራት ወር የሰነበተ፣ አንድ ጋት ያህል ውፍረት። ትኩስ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ትኩስ ፍግ አላስጠጋም። ከመናገሻ ሱባ ደን ቅጠል የሚያመጡ አሉ፤ እባካችሁ ተዉት፣ ደኑም ይፈልገዋል። ሥሯ ከላይ ከላይ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ በፍጹም አትኮትኩቺ።

ከሁሉ በላይ ብርዱን ፍሪ። ቫኒላ የሜክሲኮና የአካባቢው ሞቃት ደን ተክል ናት፤ እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ሥሯ ያንቀላፋል። እኔ ጋ ሥር የበሰበሰው ሁሉ በዚያ ወቅት እንደ ሞቃቱ ወራት ሳጠጣ ነው። አሁን ጣቴን አስገብቼ እርጥብ ከሆነ አላጠጣም።

ዱቄቱን አትግዢ። ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው ለበቆሎ፣ ለቡናና ለቲማቲም የሚሆን ሌላ የፈንገስ ወገን ነው፤ ኦርኪድ ከእሱ ጋር አይወዳጅም። ከዚያ ይልቅ ጤነኛ፣ የቆየች ቫኒላ ካለችው ሰው ከሥሯ አጠገብ አንድ እፍኝ ብስባሽ ለምኚ። ሥር የበሰበሰበት ቦታ ከሆነ ግን ፉሳሪየሙንም ይዘሽ ትሄጃለሽና አትንኪው። እኔ ጋ ታመው የማያውቁ አራት ተክሎች አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ፣ ፌስታል ይዘሽ ነዪ።