ምድር ቤቱን ሱቅና ካፌ ስናደርገው ፍሳሹ ለምን ይመለሳል?

ሰላም፤ ጥያቄዎ ባጭሩ ይህ ነው፦ አዲስ አበባ ውስጥ 200 ካሬ ላይ ያረፈ ጂ+2 አለዎት። ምድሩን ለሱቅና ለካፌ ሊያከራዩ፣ ላዩን ሊኖሩበት አስበዋል። ክረምት ሲገባ ግን የምድር ቤቱ የወለል ፍሳሽ መውረጃ ውሃ ይተፋል፣ ጎረቤትም በጣሪያዎ ውሃ ተማሯል።

በፕላኑ ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው። የንግድ ፈቃድ ማውጣት መኖሪያውን ንግድ ቤት አያደርገውም፤ የአገልግሎት ለውጥ የሚፈቅደው የግንባታ ፈቃድ ክፍሉ ነው። ካርታዎን ይዘው ሄደው ቦታዎ በመዋቅራዊ ፕላኑ (በከተማው የመሬት አጠቃቀም ፕላን) ቅይጥ መኖሪያ ውስጥ መሆኑን፣ ስንት ወለል እንደሚፈቀድና የመንገድ ማስፋፊያ ይነካው እንደሆነ ይጠይቁ። ወለል ለመጨመር ካሰቡ ቁመቱን ይደምሩ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ ከ12 ሜትር በላይ የሆነውን በከፍተኛው፣ በምድብ ሐ አስቀምጦት ነበር፤ አሁን የሚሠራበትን ምድብ እዚያው ይጠይቁ። ሱቁ 4 ሜትር፣ ሁለቱ ወለሎች 3.20 ቢሆኑ 10.40 ነው፤ አንድ ሲጨመር 13.60፣ በዚያ አዋጅ ከምድብ ለ ወጥተው ምድብ ሐ ገቡ ማለት ነው።

አሁን ወደ ውሃው። ብዙዎች ደንበኛ ደረጃ እንዳይወጣ ብለው የሱቁን ወለል ከእግረኛ መንገዱ እኩል ያወርዱታል። ስህተቱ የሚጀምረው እዚህ ነው። የመንገዱ ፍሳሽ መስመር ሲሞላ ውሃው ዝቅተኛውን ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ያ ቀዳዳ የእርስዎ ሱቅ ወለል ላይ ያለው ነው። ወለሉ ከመንገዱ ማንሆል ክዳን ቢያንስ 15 ሳንቲ ከፍ ይበል። ግንባታው ካለቀ በኋላ ከሆነ ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ) ይግባ፣ ግን በምድር ቤቱ መስመር ላይ ብቻ። የላይኞቹ ፎቆች ቱቦ ለብቻው ወርዶ ከቫልቩ ወዲያ፣ በመንገድ በኩል ይገናኝ። አለበለዚያ ቫልቩ በተዘጋ ቁጥር የራስዎ ፎቅ የሻወር ውሃ ሱቁን ይሞላዋል።

ከዚያ በፊት ግን አሸንዳው የት እንደሚገባ ይፈትሹ። ፀሐያማ ቀን ላይ አንድ ባልዲ ቀለም የተበጠበጠ ውሃ አሸንዳው ላይ ያፍስሱና የግቢውን የፍሳሽ ማንሆል ከፍተው ይጠብቁ። ቀለሙ እዚያ ከታየ የጣሪያው ውሃ ከሽንት ቤቱ ጋር ተቀላቅሏል። ቧንቧ ሠራተኞች መቆፈር ሲሰለቻቸው የሚሠሩት ነገር ነው። 150 ካሬ ጣሪያ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ ቢያገኝ 9,000 ሊትር ያወርዳል፣ በሴኮንድ 2.5 ሊትር። ይህ ወደ ጎርፍ ቦዩ እንጂ ወደ ፍሳሽ መስመሩ መግባት የለበትም። «ሮቶ አስቀምጣለሁ» የሚለው መልስ አያዋጣም፤ 2,000 ሊትሩ ታንከር በ13 ደቂቃ ገደማ ይሞላል። ትርፉ የሚሄድበት ቦይ የግድ ነው።

ለ110 ሚሊ ሜትር ቱቦ በሜትር 2 ሳንቲ ዝቅታ ይስጡ። 12 ሜትር ርቀት 24 ሳንቲ ይበላል ማለት ነው፤ ስለዚህ መቆፈር ከመጀመሩ በፊት የመንገዱን ማንሆል አስከፍተው የታችኛውን ጥልቀት ይለኩ። መስመሩ በሚታጠፍበት ሁሉ ማንሆል ይኑር።

በበጋ ከወለል መውረጃው ሽታ ከወጣ ምክንያቱ ሌላ ነው፤ ሲፎኑ (ሽታ እንዳይወጣ ውሃ የሚይዘው የታጠፈ ቱቦ) ውስጥ ያለው ውሃ ደርቋል። በሳምንት አንድ ጆግ ውሃ ይበቃዋል።

የካፌው ማዕድ ቤት ለብቻው ቅባት ማጥመጃ (ቅባቱ ከላይ ተንሳፎ የሚቀርበት ጉድጓድ) ያስፈልገዋል። ለትንሽ ካፌ ውስጡ 1.20 በ0.60፣ የውሃው ጥልቀት 0.70 ቢሆን 500 ሊትር ገደማ ይይዛል። መሃሉ ላይ ከታች ክፍት የሆነ ግድግዳ፣ መውጫው ላይ ወደ ታች የጠለቀ ቲ (በT ቅርጽ የተሠራ ማገናኛ ቱቦ) ይግባለት። የሽንት ቤት ፍሳሽ በፍጹም አይግባበት። ከማጠቢያው ሥር አያስቀምጡት፤ የፈላ ውሃ ቅባቱን ሳያረጋው ይዞት ያልፍና ወደፊት ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ቅባቱና ዝቃጩ የጥልቀቱን ሩብ ሲይዙ ይጸዳ፤ ይህንንም ኪራይ ውሉ ላይ ያስገቡት፣ ተከራይ በራሱ አያጸዳም።

የጎረቤትዎን ነገር በተመለከተ፣ የጣሪያው ጠርዝ ከአጥርዎ አልፎ ከሆነ ቆርጠው ወደ ውስጥ ይመልሱት፣ አሸንዳ ያስሩለት። ግቢውን በሙሉ ሴራሚክ ካለበሱት ደግሞ ድሮ አፈሩ ይጠጣው የነበረው ውሃ አሁን በበርዎ ይወጣል፤ በሩ ሥር በወንፊት ብረት የተከደነ 30 ሳንቲ ስፋት ያለው ቦይ አሠርተው ወደ መንገዱ ጎርፍ ቦይ ያስገቡት።