ልጅ ሲያስል ደም ቢተፋ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ የ4 ዓመት ልጄ ሌሊት ሲያስል አድሮ ጠዋት ትራሱ ላይ ደም አየሁ። ሳንባው ተጎድቶ ይሆን?

መልስ፦ መጀመሪያ አፍንጫውን ይዩለት። በዚህ ዕድሜ «ደም ተፋ» ከሚባለው አብዛኛው ከአፍንጫ፣ ከድድ ወይም ከጉሮሮ የመጣ ነው። ሌሊት ይነስረዋል፣ በጀርባው ተኝቶ ይውጠዋል፣ ጠዋት ያስለዋል ወይም ያስመልሰዋል። የስልክዎን መብራት አብርተው አፉን ያስከፍቱት፤ ከላንቃው ኋላ ደም እየወረደ ይሆናል። ከሳንባ የሚመጣው ደማቅ ቀይና አረፋማ ነው፤ ከጨጓራ የሚመጣው ጠቆር ብሎ የቡና አተላ ይመስላል። ጠርገው ከመጣልዎ በፊት ፎቶ ያንሱት፤ ለሐኪሙ ከወሬው ይልቅ ፎቶው ይጠቅመዋል።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ የ7 ዓመት ልጄ ከብት ሲጠብቅ ከምንጭ ይጠጣል። ሁለት ሳምንት ሆነው፣ ጥቂት ጥቂት ደም ይተፋል፣ ድምፁም ጎርንኗል። ራጅ ተነሥቶ «ምንም የለም» ተባልን።

መልስ፦ አልቅት ይጠርጥሩ። ሲገባ እንደ ክር ቀጭን ነው፤ ከአፍንጫ ጀርባ ወይም ከማንቁርት ላይ ተጣብቆ ደም እየጠጣ ይወፍራል። ራጅ ላይ አይታይም። ምራቁ ደም እንዳይረጋ ስለሚያደርግ ከለቀቀ በኋላም ቁስሉ ይደማል። «ጉሮሮዬ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» ካለ ወይም ባንድ አፍንጫው ብቻ ከነሰረው ጥርጣሬው ይጠነክራል። በጣት ወይም በወረንጦ አይጎትቱት፤ ሊበጠስ ይችላል። የጨው ወይም የትምባሆ ውሃም አያንቆርቁሩበት፤ ተላቆ አየር ቧንቧ ውስጥ ከገባ ልጁ ይታፈናል። ከአንገት በላይ ሐኪም አደንዝዞ በመሣሪያ ያወጣዋል። ልጁ ከገረጣ ሄሞግሎቢኑም (የደም ማነስ መለኪያው) ይለካ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ ምን ያህል ደም ነው የሚያሰጋው?

መልስ፦ በ24 ሰዓት ውስጥ በኪሎ 8 ሚሊ ሊትር ከደረሰ ከባድ ነው። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን 80 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የቡና ስኒ ያህል መሆኑ ነው። ስኒ እስኪሞላ ግን አይጠበቅም። የሚገድለው ብዙ ጊዜ የደሙ ማነስ ሳይሆን አየር ቧንቧው በደም መዘጋቱ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ደም ከተፋ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይድረስ። ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ዕድሜው ከ1 እስከ 5 ሆኖ በደቂቃ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ሰዓትም አይቆይ። እስኪደርሱ ተቀምጦ ወደ ፊት ጎንበስ ይበል፤ ምግብም ፌጦም አይቅመስ። ለትኩሳቱ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አይስጡት፣ ደም ያቀጥናሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ከወር በፊት ቆሎ ሲበላ ትን ብሎት አለፈለት። አሁን ሳሉ ደም ቀላቅሏል።

መልስ፦ ምናልባት አላለፈለትም። ሽምብራ ወይም ለውዝ ቧንቧ ውስጥ ሲቀር ውሃ ስቦ ያብጣል፣ ዙሪያውን ያቆስላል፤ ሳንባ ምችም በዚያው ጎን እየደጋገመ ይመጣል። እህል ራጅ ላይ ስለማይታይ ንጹሕ ራጅ አያዘናጋችሁ፤ በብሮንኮስኮፒ (ወደ አየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ ያለው ቱቦ) ታይቶ ይወጣል። ትን ማለቱን ግን ሐኪሙ ባይጠይቅም ይንገሩት።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ ቲቢ ቢሆንስ?

መልስ፦ ይሆናል፤ ትንንሽ ልጆች ግን ቲቢ ይዟቸውም ደም መትፋታቸው ብርቅ ነው፣ በጉርምስና ዕድሜ ይበዛል። ሳሉ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳ ወይም ቤት ውስጥ ታማሚ ካለ ይመርመር። አክታ ማውጣት የማይችል ልጅ ከሰገራው በጂን ኤክስፐርት (የቲቢ ጀርም በሚለይ የላቦራቶሪ ማሽን) ሊታይ ይችላል። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ የሚያጥራት ልጅ ደም ከተፋች ደግሞ ልቧም በአልትራሳውንድ ይታይ፤ የልብ ቫልቭ ጥበትም ደም ያስተፋል።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ አያቱ እንጥሉ ይቆረጥ ይላሉ።

መልስ፦ አይቆረጥ። ሳሉን አያድነውም፤ ምላጩ ግን ራሱ ያደማል፣ ቴታነስም ያስይዛል።