ጠይቁን፦ የስኮትላንድን በዓል ለማየት መቼ ይኬድ?

በዚህ ወር ምን እንደነካችሁ እንጃ፣ ጥያቄው ሁሉ ስለ ስኮትላንድ ሆነ። እሺ፣ እንግባበት። ዓመተ ምሕረቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ልጄ ግላስጎው ትማራለች። ቪዛው ከተሳካ በበዓላቸው ሰሞን ሄጄ ልያት ነው። እሷ ለፈረንጅ አዲስ ዓመት ነይ ትለኛለች። እኔ ብርዱን ፈራሁ።» — እናት፣ ከደብረ ማርቆስ

እናታችን፣ ልጅዎ አልተሳሳተችም። የስኮትላንዶች ትልቁ በዓል አዲስ ዓመት ነው፣ ሆግማኔይ ይሉታል። ገና እንኳ እዚያ ሥራ የሚዘጋበት በዓል የሆነው በ1958 ነው። ከፕሮቴስታንት ተሐድሶ በኋላ ቤተ ክርስቲያናቸው የገናን ፈንጠዝያ ስላልወደደችው፣ ሕዝቡ ደስታውን ሁሉ ወደ አዲስ ዓመት አዞረው። ጃንዋሪ 2 እንግሊዝ ሥራ ሲገባ ስኮትላንድ አሁንም በዓል ላይ ናት።

ዋዜማው በእኛ ታህሣሥ 22 አካባቢ ነው። ኤድንብራ ላይ ፕሪንሰስ ጎዳና በሰው ይሞላል፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን ከከተማዋ ጥንታዊ ግንብ ላይ ርችት ይተኮሳል። ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ትኬቱ ቀድሞ ካልተያዘ አይገኝም፣ ግፊያው አይጣል ነው፣ በዚያ ላይ አየሩ አይታመንም። በ2024 መጨረሻ የአደባባዩ ዝግጅት በአየሩ ምክንያት ተሰርዞ ስንቱ ከሩቅ የመጣ ሰው ባዶውን ቀረ።

እኔን ከጠየቁኝ ስቶንሄቨን የምትባለውን የባሕር ዳርቻ ከተማ ይምረጡ። ከግላስጎው በባቡር ይደርሳሉ። እኩለ ሌሊት ላይ የከተማው ልጆች በሽቦ የታሰረ የእሳት ኳስ ከራሳቸው በላይ እያሽከረከሩ ዋናውን መንገድ ሽቅብ ቁልቁል ይሄዱበታል፤ ሲያበቁ ኳሱን ወደ ባሕሩ ይወረውሩታል። የዚያን ሌሊት መመለሻ ባቡር ስለማይኖር ማደሪያ በጊዜ ይያዙ። ወፍራም ካፖርት አይርሱ፣ ፀሐይዋም በዚያ ሰሞን ከቀኑ 10 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መጀመሪያ ደጃፍ የረገጠው ሰው የዓመቱን ዕድል ይወስናል ይላሉ። የሚመረጠው ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ፀጉሩ ጥቁር ወንድ ነው፣ ከሰል፣ ብስኩትና ውስኪ ይዞ ይገባል። ፀጉረ ወርቃማ እንግዳ የማይፈለገው የቫይኪንግ ወረራ ትዝ ስለሚላቸው ነው ይባላል። እንግዲህ ባለቤትዎን አስከትለው ከሄዱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚሻማባቸው ይመስለኛል።

ብርዱ አልሆን ካለዎት ደግሞ በክረምታችን ይሂዱ። ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር በየከተማው የደጋ ጨዋታ የሚሉት አላቸው። ስመ ጥሩው ብሬማር ነው፣ በሴፕቴምበር የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ንጉሣውያኑ የሚመጡበት። እኔ ግን ትንሿን ከተማ እመርጣለሁ። እዚያ ተወዳዳሪው የመንደሩ ሰው ነው፣ እርስዎም ሣሩ ላይ ከገመዱ አጠገብ ቁጭ ብለው ያያሉ። ከ5 ሜትር የሚበልጥ ግንድ አቁሞ ተሸክሞ የሚሮጠውን ጎረምሳ ሲያዩ ርቀት የሚለካ እንዳይመስልዎ። ግንዱ አየር ላይ ተገልብጦ፣ ጫፉ ከወርዋሪው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ከወደቀ ነው ያሸነፈው። በዚያው ሰዓት በሌላ ጥግ ትንንሽ ልጆች ተጠላልፈው በተቀመጡ ሁለት ሰይፎች ላይ በጣታቸው ጫፍ ይጨፍራሉ። ሰይፉን የነካች ተቀጣች። እኔ ከግንዱ ይልቅ እነሱን ባይ ደስ ይለኛል።

«የጥር 23ን የአገው ፈረሰኞች በዓል እያየ ያደገ ሰው ፈረስ የሌለበት በዓል አይጥመውም። እነሱ ዘንድ ፈረስ አለ ወይስ ባግፓይፕ መንፋት ብቻ ነው?» — ከእንጅባራ

አለ እንጂ ወንድሜ! ግን ሰሜን ተራራው ውስጥ አትፈልገው፣ ከእንግሊዝ ጋር ወደሚዋሰነው ወደ ደቡቡ ውረድ። እዚያ ያሉ ከተሞች በበጋቸው፣ ብዙዎቹም በጁን፣ የወሰን ግልቢያ አላቸው። ድሮ የጋራ መሬታቸውን ጎረቤት እንዳይቆርስባቸው በፈረስ ዞረው ያዩ ነበር። ዛሬ ድንበር የሚገፋ የለም፣ ግልቢያው ግን አልቀረም።

ሃዊክም አለች፣ እኔ ግን ሴልከርክ ሂድ እልሃለሁ። በ1513 በፍሎደን ጦርነት ከከተማዋ 80 ሰው ዘምቶ የተመለሰው አንድ ብቻ ነው ይላሉ፣ የማረከውን የእንግሊዝ ባንዲራ ይዞ። ሕዝቡ ከቦ ሲጠይቀው መናገር አቃተው፣ ባንዲራውን ከራሱ በላይ አዙሮ መሬት ላይ ጣለው። እውነት ይሁን ተረት፣ ዛሬም በበዓሉ ቀን በመቶ የሚቆጠሩ ፈረሰኞች በማለዳ ኤትሪክን ወንዝ ተሻግረው ወሰኑን ዞረው ሲመለሱ፣ ባንዲራ ያዡ አደባባይ መሐል ወጥቶ ያንኑ ያደርጋል። ከኤድንብራ እስከ ጋላሺልስ ባቡር አለ፣ ከዚያ አውቶቡስ ነው። የአደባባዩ ሥነ ሥርዓት እንዳያመልጥህ ዋዜማውን እዚያው እደር።

«ሃጊስ የሚባለው ነገር ይበላል? ጾም ላይ ብሆንስ?» — ከፍኖተ ሰላም

ዱለት የሚበላ ሰው ሃጊስ ፈራሁ ቢል ያሳፍራል። የበግ ልብ፣ ጉበትና ሳንባ ተከትፎ፣ ከአጃ፣ ከሽንኩርት፣ ከሞራና ከቅመም ጋር ተለውሶ ጨጓራ ውስጥ ይቀቀላል። የጎደለው ሚጥሚጣ ነው፣ እሱን ከቤት ያዝ።

የሚበላበት ትልቁ ቀን ጃንዋሪ 25 ነው፣ ባለቅኔው ሮበርት በርንስ በ1759 የተወለደበት። ወዳጆቹ እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1801፣ ተሰብስበው ያከበሩት እራት ነው እስከ ዛሬ የዘለቀው። ባግፓይፕ ነፊው ከፊት፣ ወጥ ቤቱ ሃጊሱን በሳህን ይዞ ከኋላ፣ እድምተኛው በሙሉ ተነስቶ ይቀበላቸዋል፣ ለምግብ! ከዚያ አንዱ ቢላ ይዞ በርንስ ለሃጊስ የጻፈውን ውዳሴ በቃሉ ያወርዳል፣ ቢላው የሚነሳበት ስንኝ ሲደርስ ሃጊሱን ይተረትረዋል፣ ትኩስ እንፋሎቱ ቡፍ ይላል። ግጥሙን መሐል ላይ በጭብጨባ አታቋርጥ።

ስለ ጾሙ፦ ቀኑ በእኛ ጥር 17 አካባቢ ነው፣ ረቡዕና ዓርብ ካልዋለ አብዛኛውን ጊዜ ፍስክ ነው። ነነዌ በጣም ቀድማ ከገባች ግን ልትገጥምህ ትችላለች። የአትክልት ሃጊስም በየሱቁ አለ፣ በምስርና በባቄላ ዓይነት የሚሠራ፣ ግን አብሮት የሚመጣው ድንች ቅቤ አይለየውምና ጠይቅ። ከባዱ ሆግማኔይ ነው፣ የገና ጾም ላይ ነው የሚውለው፣ የሚዞረው ብስኩት ደግሞ ሲሶው ቅቤ ነው።

«በድሮ አቆጣጠር የቀረነው እኛ ብቻ ነን?» — ከዳንግላ

ኧረ ጓደኛ አለን። ብሪታንያ በ1752 አቆጣጠሯን ስትለውጥ 11 ቀን ተዘለለ። በርግሄድ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር እሺ አላለም። ዛሬም የድሮውን አዲስ ዓመት ጃንዋሪ 11 ያከብራል። ሬንጅ የተሞላ በርሜል አቀጣጥለው፣ በሰው ትከሻ መንደሩን ያዞሩታል፣ ፍሙን ለዕድል ለየቤቱ ያድላሉ። ከዚያው ወር ሳትወጣ እሳት ከጠማህ፣ በመጨረሻው ማክሰኞ ሼትላንድ ደሴት ላይ ሌርዊክ ከተማ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጋ ችቦ ይወጣል፣ ወራት የፈጀ የቫይኪንግ መርከብ ይቃጠላል። ሴቶች ከችቦ ያዦቹ ጋር እንዲሰለፉ የተፈቀደው ገና በ2023 ነው፣ ዘገዩ።

«ወንድ ልጅ ያንን ኪልት የሚሉትን ቀሚስ ቢለብስ ይታዘቡታል?» — ከቡሬ

እነሱ አይታዘቡህም፣ እንዲያውም ደስ ይላቸዋል። የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፣ አትግዛው፣ ሙሉ ልብሱ ውድ ነው። የቡሬ ሰው ፎቶውን ሲያይ የሚለውን ግን አንተው ቻለው።